ቀና ከማሰብ በፊት

አዲስ ሰው ወደ ልምምድ ቡድናችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ብዙውን ጊዜ ያው ነው፤ «አእምሮዬን እንዴት ባዶ ላድርገው?» አይቻልም እላለሁ። ፊቱ ላይ ቅሬታ አያለሁ። ከሥራ ወጥቶ፣ በታክሲ ሰልፍ ተንገላቶ የመጣ ሰው «አይቻልም» ለመባል አልመጣም። ግን ሥራው የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ አልሸፋፍነውም። ማሰብ የአእምሮ ሥራው ነው። የምንለማመደው ሐሳብ እንዳይመጣ መከልከልን ሳይሆን፣ መጥቶ ይዞን ሲሄድ ቶሎ መንቃትን ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎቹ ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 2,250 ሰዎችን ባልታሰበ ሰዓት በስልክ መተግበሪያ እየጠየቁ፣ ከተጠየቁበት ጊዜ 47 በመቶ በሚሆነው ሐሳባቸው ከሚሠሩት ነገር ውጭ እንደነበር አግኝተዋል። ስለዚህ የሚባዝን አእምሮ ያለው ሰው የተለየ ጉድለት የለበትም። እንደ ሰው ነው።

ሥራዬ የሥነ ልቦና ምክር ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ትንንሽ ቡድኖች ሰብስቤ ሁለት ነገር አለማምዳለሁ፤ አንዱ ማስተዋል ነው፣ ወጣቶቹ «ማይንድፉልነስ» የሚሉት፤ ሌላው ቀና አስተሳሰብ። በየአዳራሹና በየማኅበራዊ ሚዲያው ሁለቱ ተደባልቀው ይቀርባሉ። እኔ ቅደም ተከተላቸው ላይ ግትር ነኝ። መጀመሪያ ያለውን ማየት፣ ከዚያ ቀና ማሰብ። ሲገለበጥ የሚገኘው ራስን ማባበል ነው።

የማስተዋል ልምምድ ወደ ሕክምና የገባበት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ በሞለኪዩላር ባዮሎጂ የሠለጠነ አሜሪካዊ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ ክሊኒክ ከፈተ። ሐኪሞች የላኩለት በተለመደው ሕክምና ያልተሻላቸውን፣ ሕመም ለዓመታት አብሯቸው የኖረ ሰዎችን ነበር። ሕመማችሁ የለም ብላችሁ አስቡ አላላቸውም። ለሳምንታት ያስተማራቸው ተቃራኒውን ነው፤ ሕመሙን ጠጋ ብሎ መመርመርን። የት ይጀምራል? የት ያበቃል? መቼ ይጠነክራል፣ መቼ ይላላል? ሕመሙ ላይ የሚደረበው «መቼም አይለቀኝም» የሚለው ሐሳብስ የቱ ጋ ነው? ኋላ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል ይህንኑ ወስደው ድባቴ ለሚመላለስባቸው ሰዎች አዘጋጁት። ዛሬ በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ውስጥ ድባቴ እንዳያገረሽ ከሚመከሩት መንገዶች አንዱ ሆኗል።

የእኛ የመጀመሪያ ልምምድ ቆሎ ነው። ካባት-ዚን ዘቢብ ነበር የሚያድለው፤ እኔ የገብስ ቆሎ አድላለሁ፣ ለአንድ ሰው አንድ ፍሬ። ሳቅ ይነሣል። ቆሎ በእፍኝ እንጂ በፍሬ ሲበላ ያየ የለም። ሳቁን አልከለክልም። ከዚያ መዳፋችን ላይ አድርገን እናየዋለን፤ ስንጥቁን፣ እሳት የበዛበትን ጎኑን። እናሸተዋለን። ገና ጥርሳችን ሳይነካው ምራቅ ቀድሞ መምጣቱን እንታዘባለን። ከዚያ ቀስ ብሎ ማኘክ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሲጨርሱ «ከልጅነቴ ጀምሮ ስበላው ኖሬ፣ ሲታኘክ ቆይቶ እንደሚጣፍጥ ዛሬ ገና አወቅሁ» አሉ። ይህ በቂ ነው። ስለ ሰላም፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ጥልቅ ማንነት ምንም አልናገርም።

የዚህ ሙያ ዋናው ክህሎት ልምምዱን መምራት አይመስለኝም። መምሪያውን ማንም አንብቦ ሊመራ ይችላል። ክህሎቱ ከልምምዱ በኋላ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው። «እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ ሰው «በጣም ደስ ይላል» ይላል፣ ጋባዥን ማሳፈር አንወድምና። እኔ የምጠይቀው ምን እንዳስተዋሉና የት እንዳስተዋሉት ነው። አንድ ተሳታፊን እንዲህ ጠየቅኋቸው፦

«ጋሼ፣ ቅድም ዝም ባልንበት ሰዓት ምን አስተዋሉ?»

«ኧረ ምንም። መቼ ነው የሚያልቀው እያልኩ ነበር እንጂ።»

«እንደዚያ ሲሉ ሰውነትዎ ምን እያደረገ ነበር?»

ትንሽ ቆዩ። «እግሬ» አሉ፤ «እግሬን እያወዛወዝኩ ነበር። ቤትም እንደዚህ ነኝ። ልቆጣ ስል መጀመሪያ እግሬ ነው የሚነሣው፤ ልጆቹ ያውቁታል።»

ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር እሳቸው ያን ዕለት አወቁት። ቁጣቸው ከአፋቸው ከመውጣቱ በፊት እግራቸው ላይ እንደሚታይ ያወቀ ሰው፣ በእግሩና በአፉ መካከል ጥቂት ሰከንድ አለው። ስለ ራስ መሻሻል የሚነገረው ሁሉ የሚሠራው በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

መጻሕፍቱ አብዛኞቹ ከትንፋሽ ይጀምራሉ። እኔ ከእግር መዳፍ እጀምራለሁ። አስም ያለበት ወይም ድንገተኛ ፍርሃት የሚይዘው ሰው ትንፋሹን መከታተል ሲጀምር የባሰ ሊጨንቀው ይችላል። እግር ከልብ ይርቃል፤ አያስፈራም። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ብዬም አላዝዝም። ጦርነት ካለፈበት አካባቢ የመጣች፣ ወይም ዐረብ አገር በሰው ቤት ተሰቃይታ የተመለሰች ልጅ ዓይኗን ስትጨፍን የሚጠብቃት ጸጥታ ላይሆን ይችላል። የብራውን ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ዊሎቢ ብሪተን ይህን ጉዳይ ለዓመታት አጥንታለች፤ ተመስጦ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ፍርሃትን፣ እንቅልፍ ማጣትንና ያለፈ ሰቆቃን ሊቀሰቅስ እንደሚችል ከባልደረቦቿ ጋር መዝግባለች። ስለዚህ እኛ ዘንድ ዓይን ወለል ላይ ያርፋል። ተነሥቶ መውጣት የፈለገ ይወጣል፤ ለምን አይባልም።

ከእግር ቀጥሎ ድምፅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጸጥታ እስኪገኝ የሚጠብቅ ሰው ሳይለማመድ ያረጃል። በመስኮት የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይገባል፤ ጎረቤት ያለው ግንባታ ሲሚንቶ ያቦካል፤ ከአንዱ ወገን ስብከት፣ ከሌላው አዛን ይሰማል። መመሪያው አጭር ነው፤ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል፣ ሲቋረጥ ብቻ ስሙ። ደቂቃ ሳይሞላ «ይሄ ሰውዬ አያርፍም እንዴ!» የሚል ሐሳብ ብቅ ይላል። ድምፁ አንድ ነገር ነው፣ ንዴቱ ሌላ። ይህን ልዩነት በገዛ ጆሮው ያገኘ ሰው ቢሮ ውስጥም ይጠቀምበታል። አለቃው የተናገረው አንድ ነገር ነው፣ «ይንቀኛል» የሚለው የራሱ ጭማሪ ሌላ። አለቃው እውነትም የሚንቀው ሊሆን ይችላል፤ ግን ይህን ማጣራት የሚቻለው ሁለቱን ከለዩ በኋላ ነው።

«ይሄ ነገር የቡድሃ እምነት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ በየቡድኑ ይነሣል፤ ከኦርቶዶክሱም፣ ከሙስሊሙም፣ ከፕሮቴስታንቱም። ሥሩ እዚያ ነው ብዬ በቀጥታ እመልሳለሁ፤ ካባት-ዚን ራሱ የዜን ተማሪ ነበር። ክሊኒኩ የወሰደው ትኩረትን ማሠልጠኛውን እንጂ አምልኮውን አይደለም። ጸሎትን ይተካል የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ጸሎት ሰሚ አለው፤ ቆሎ ማሽተት ለማንም አይቀርብም። ከዚህ በኋላም ልቡ ያልፈቀደ ሰው ቢቀር አልከራከረውም። «የኛ ቡና ማፍላት እኮ ራሱ ማይንድፉልነስ ነው» የሚሉኝም አሉ። በዚህ አልስማማም። ቡና ላይ የምንሰበሰበው ለወሬ፣ ለሐሜት፣ ለዕርቅ ነው። ከአቦል እስከ በረካ አፍ አያርፍም፤ ጥቅሙም እሱ ነው። ለመልካም ነገር ሁሉ የልምምድ ስም ማውጣት አያስፈልግም።

ወደ ቀና አስተሳሰብ ስንገባ ሰዉ ይነቃቃል። ብዙዎቹ መስታወታቸው ላይ «እችላለሁ»፣ «አሸናፊ ነኝ» የሚል ወረቀት ለጥፈው፣ ጠዋት ጠዋት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲሉት ከርመው ነው የሚመጡት። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ ይህን ዓይነቱን ልማድ ፈትነውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች ተወዳጅነታቸውን የሚመሰክር ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው ሲደጋግሙ ስሜታቸው ባሰበት። የተናገሩትን ውስጣቸው ይሟገተዋል። ጥቂት የተጠቀሙት ቀድሞውንም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ናቸው። መድኃኒቱ የሠራው ለጤነኛው ነው ማለት ነው።

ከዚህ ይበልጥ የእኛን ወጣቶች የሚመለከተው የጋብርኤለ ኦቲንገን ሥራ ነው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ሥራ የሚፈልጉ ተመራቂዎችን ተከታትላለች። ስለሚያገኙት ሥራ አስደሳች ምናብ ያበዙት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ያስገቡት ማመልከቻ ያነሰ፣ የተሰጣቸው የሥራ ዕድል ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ካለፈ ልምዳቸው ተነሥተው «ይሳካልኛል» ብለው የገመቱት ግን የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ተስፋና ምናብ እንደሚለያዩ ከዚህ በላይ ግልጽ ያደረገልኝ ጥናት አላውቅም። በምናብ ሥራውን ያገኘ ሰው ሰውነቱ የደረሰ ያህል ይዝናናል፤ ለመነሣት የሚያስፈልገውን ጉልበት አስቀድሞ ያጣዋል።

ኦቲንገን የምታስተምረው ዘዴ አራት ነገር ይጠይቃል፤ ምኞቱን፣ ሲሳካ የሚገኘውን፣ ከራስ ውስጥ የሚነሣውን እንቅፋት፣ ከዚያም «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ። ሰው የሚቸገረው ሦስተኛው ላይ ነው። ሥራ የሚፈልግ ተመራቂን «እንቅፋትህ ምንድን ነው?» ብለው «ዘመድ የለኝማ» ይላል። እውነቱን ነው፤ አልከራከረውም። ግን ያ ከውጭ ያለ ነው። አንድ ወጣት ከማስተዋል ልምምዱ በኋላ ያገኘው ሌላ ነበር። ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሲከፍት ሆዱን ባር ባር ይለዋል፤ ያን ጊዜ ጣቱ ሳያውቀው ወደ ኳስ ዜና ይሄዳል። መሥሪያ ቤቶቹ አብዛኞቹ «አልተቀበልንህም» እንኳን ስለማይሉት፣ የሚጎዳው እምቢታው ሳይሆን ዝምታው ነው። ዕቅዱን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ስልኩን ሳልዘጋ አንዱን ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ እስከ ዓርብ ካልደወሉልኝ ዓርብ ከሰዓት ሌላ ቦታ አስገባለሁ።» መስታወት ላይ ለመለጠፍ አያምርም። እኔ ግን ከ«አሸናፊ ነኝ» አስበልጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ሆዱን ካላየ ሊጽፈው አይችልም ነበር።

ምስጋና ላይ ሌላ ችግር አለብን። አገራችን ምስጋና አያጥራትም። «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ሳይታሰብ ይወጣል፤ ሞቶ የተነሣውም፣ ሰርግ የደገሰውም እኩል ይለዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ሦስት መልካም ነገር እንዲጽፉ ሲያደርጉ፣ ለምን እንደሆነም አብረው እንዲጽፉ ጠይቀዋል፤ ውጤቱ እስከ ስድስት ወር ታይቷል። ብዙ ሰው «ለምን»ን ይዘለዋል። «ቤተሰቤ፣ ጤናዬ፣ ሥራዬ» ብሎ ይጽፍና ነገም ያንኑ ይገለብጣል። እኔ የምፈልገው «ጎረቤቴ ውኃ የመጣ ቀን ጀሪካኔን ሞልታ ጠበቀችኝ፤ ባለፈው ልጇን ከትምህርት ቤት ስላመጣሁላት» የሚለውን ነው። እንዲህ ሲጻፍ ዕድል ብቻ እንዳልሆነ፣ የራስ እጅም እንዳለበት ይታያል። በየቀኑም አይሁን። ተመራማሪዋ ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ በሳምንት አንድ ጊዜ የጻፉት ሲጠቀሙ ሦስት ጊዜ የጻፉት ብዙም እንዳልተጠቀሙ አግኝታለች። እሁድ ማታ ይበቃል።

ልምምዱ የማይሠራውን መናገርም የሙያው ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታወቀው ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን አሳትፎ፣ በክፍል ውስጥ ለሁሉም የተሰጠው የማስተዋል ትምህርት ከተለመደው ትምህርት የተሻለ የአእምሮ ጤና እንዳላመጣ አሳይቷል። ያልፈለገውን ሰው በግድ ማለማመድ ጊዜ ማባከን ነው። የቤት ኪራዩ በእጥፍ ለተጨመረበት ሰው «አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት ደግሞ ከጊዜ ማባከንም የከፋ ነው፤ የኑሮ ውድነቱን ጥፋት በራሱ ላይ መጫን ነው። እንዲህ ያለውን ምክር በመግቢያ ትኬት የሚሸጡ አሉ። ኪራዩን ልምምድ አይከፍለውም። ከአከራይ ጋር ሳይጯጯሁ ለመደራደር ሊረዳ ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም።

በራሳችሁ ለመሞከር የምትፈልጉ ከእግራችሁ ጀምሩ፤ ለሦስት ደቂቃ፣ ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ፣ ሰው እየጠበቃችሁም ሆነ ታክሲ ተሰልፋችሁ። እንቅልፍና ምግብ ከተዋችሁ ሳምንታት ካለፉ፣ ወይም ሞት መመኘት ከጀመራችሁ ግን ልምምድ አትጀምሩ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። መድኃኒት የጀመራችሁም፣ ልምምዱ ስለተስማማችሁ ወይም ጠበል ስለገባችሁ ክኒናችሁን እንዳታቋርጡ። መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው።