የሴባስቶፖል መንኰራኵርና የጋይንት መንገድ

ስለ ሴባስቶፖል መድፍ የተጻፈውንና በቴአትር የታየውን ስንመለከት፤ ምስጋናው ሁሉ ለብረቱ ነው፤ ተሸክሞት ስለ ሄደው መንኰራኵር የሚናገር ግን እምብዛም የለም። እኛ ይህ አተራረክ ትልቅ ጉድለት አለበት እንላለን።

ከደብረ ታቦር አጠገብ፤ በጋፋት፤ ዋልድማየርና ጓደኞቹ አቅልጠው የሠሩት ይህ መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ክብደቱ በአራት መንኰራኵር እኩል ቢካፈል እንኳ በእያንዳንዱ ላይ 1750 ኪሎ ያርፋል፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ የቤት አውቶሞቢል ክብደት ይበልጣል። ይህ በሜዳ ነው። መንገዱ ወደ ጐን ሲያዘነብል ሸክሙ ወደ ታችኞቹ ይሄዳል፤ ጋይንት ውስጥ ደግሞ የማያዘነብል መንገድ የት ይገኛል?

መድፉ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፤ በጋይንት አልፎ፤ የዥጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ፤ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ማሠራታቸውን ጸሐፊዎቹ ያደንቃሉ፤ እኛም እናደንቃለን። ዳሩ ግን መንኰራኵር የሚመረጠው ለሸክሙና ለመንገዱ ተመዝኖ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መንኰራኵሩን ለመንገዱ ከማበጀት ይልቅ መንገዱን ለመንኰራኵሩ አበጁለት፤ ዋጋውንም በመቶ የሚቈጠረው ጐታች በትከሻው ከፈለ። ናፒየር በበኩሉ ቀላሎቹን መድፎች በበቅሎ፤ ከባዶቹን በዝሆን አስጭኖ መጣ። ከቤተ ሖር ወዲያ የተራመደውም ንጉሡ ባስጠረጉት በዚያው መንገድ ላይ ነው! ሴባስቶፖል ግን በእሮጌው ውጊያ ለውጤቱ የጨመረው ነገር የለም። ይህን የሚያህል ነገር ከታሪኩ ሲቀር ጀግንነቱ ይጐላል፤ የጐታቹ ድካም ግን ይጠፋል።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን ነፋስ መውጫ ላይ ያየነው ነው። አንድ ወጣት ባለ መኪና የፋብሪካውን የብረት ቸርኬ አስወልቆ ሰፊና የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ያስገባል። ቸርኬው ስንት ኪሎ እንደሚችል፤ የቡሎኖቹ ርቀት ትክክል መሆኑን፤ የመሐሉ ቀዳዳ በልክ መግጠሙን አልጠየቀም፤ የጠየቀው ስለ ቀለሙ ነው። ጎማው ከንፈሩ አጭር ስለ ሆነ የድንጋዩን ምት የሚቀበለው ቸርኬው ራሱ ነው። ብረት ሲመታ ይጐብጥና በመዶሻ ይቃናል፤ በደንብ ያልተሠራ አሉሚኒየም ግን ይሰነጠቃል። ይህን ብንነግረው ሣቀብን። ሒሳቡን ከፍሎ፤ አራት ሰው ጭኖ፤ ወደ ጨጨሆ ነዳው።