ለማን ብላ ትማር?

በእስላም አገር ስለ ሴቶች ነፃነት ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚጠራው የግብጻዊው የቃሲም አሚን መጽሐፍ ነው። በካይሮ በ1899 ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በኤሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ስሙ «ተሕሪር አል መርአ» ሲሆን በእኛ ቋንቋ «የሴት ነፃ መውጣት» ማለት ነው። ይህን አሮጌ መጽሐፍ ለተበላና ለሶዶ ወጣቶች ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ክርስቲያኑ የወላይታ አባት ሴት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድ የሚናገረውና የካይሮው እስላም ዳኛ የጻፈው ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነውና፤ ምክንያቱም ጐደሎ ነው እላለሁ።

አስቀድሞ ግን ለሰውዬው የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ቃሲም አሚን በፈረንሳይ አገር ሕግ የተማረ ሰው ነበር። አንድ ፈረንሳዊ መስፍን ግብጽን ነቅፎ ቢጽፍ፥ በ1894 በዚያው በፈረንሳይኛ መልስ ሲሰጠው የሴቶችን መሸፈን ሳይቀር ደግፎ ተከራከረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ ተነሣ። ሴት ልጅ ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ታግኝ፤ ባል እንዳሻው በአንድ ቃል እንዳይፈታት ፍቺ በዳኛ ፊት ይሁን፤ ብዙ ሚስት ማግባት ይወሰን፤ ፊትን መሸፈንና በቤት ተዘግቶ መቅረት ልማድ እንጂ የሃይማኖቱ ትእዛዝ አይደለም፥ ብሎ ጻፈ። ይህን ሁሉ በዚያ ዘመን መናገር ድፍረት ነበር።

የመጽሐፉ ጉድለት ወዲያ ነው። ጸሐፊው ሴቲቱን የሚመለከታት ከደጅ ቆሞ ነው። የአገሩ ሴት ጠጕሯን በየቀኑ እንደማታበጥር፥ ገላዋን አዘውትራ እንደማትታጠብ፥ የባሏም ሐሳብ እንደማይገባት ይዘረዝራል። እንግዲህ ትማር የሚለው ባልዮው የሚያነጋግረው ጓደኛ እንዲያገኝ፥ ልጅ በደንብ እንዲያድግ፥ አገርም ከኤሮጳ ጋር እንዲስተካከል ነው። እርሷ ራሷ ስለ ምን ለማወቅ እንደምትፈልግ ጠይቆ የጻፈው ገጽ የለም ማለት ይቻላል። የተቃወሙትም ከዚህ አልራቁም። በኋላ የምስርን ባንክ ያቋቋመው ጠላዓት ሐርብ የመልስ መጽሐፍ ሲጽፍበት፥ ሴት ለቤት ተፈጠረች ብሎ ነው የተነሣው። ስለዚህ ወዳጅና ጠላት የተጣሉት ለዚያ አገልግሎት ስንት ፊደል ይበቃታል በሚለው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ምክንያት ጥቅሙ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ልጄ ተምራ ደኅና ባል ታግኝ ብሎ ያስተማረ አባት፥ ደኅና ባል በስምንተኛ ክፍል ቢመጣለት ከዘጠነኛ የሚያስቀራት በክፋት አይደለም። ያሰበው ተፈጸመለት።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሰጠችው ሴት ናት። መለክ ሒፍኒ ናሲፍ በ1886 ተወለደች፤ በካይሮ ሰኒያ ትምህርት ቤት ተምራ በ1900 የመጀመሪያ ደረጃ ምስክር ወረቀት ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ግብጻውያን ልጃገረዶች አንዷ ሆነች፤ ከዚያም አስተማሪ ነበረች። በኋላ ፋዩም ለሚባል አገር ባላባት ተዳረች። እዚያ ስትደርስ ሌላ ሚስት እንዳለው አገኘች። ስለ ሁለተኛ ሚስት ቃሲም አሚን በሕግ መጽሐፍ ያነበበውን እርሷ በቤቷ አየችው፤ የጽሕፈቷም ጕልበት ከዚህ ይመስለኛል።

በ1909 በካይሮ ለሴቶች ንግግር ስታደርግ፥ ሥራችሁ በቤት ነውና ትምህርት ምን ያደርግላችኋል ለሚሉ ወንዶች የሰጠችው መልስ ያስደንቃል። ፈትሉንና ሽመናውን፥ ወፍጮውንና ስፌቱን በመኪና ተክታችሁ ከእጃችን ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ፤ ታዲያ በተረፈን ጊዜ ምን እንሥራ? ማለቷ ነው። ይህን የወላይታ ልጅ ለመረዳት አይቸግራትም። እናቷ ዛሬም እንሰት ትፍቃለች፤ እህሉን ግን ወፍጮ ቤት ይፈጨዋልና አያቷ በድንጋይ ወፍጮ ያሳለፈችው ሰዓት ለእርሷ ተርፏል። ሰዓቱ የማን ነው?

ስለ መሸፈኛም መለክ ከቃሲም ተለየች። ወንዶች ትናንት ተሸፈኚ ብለው እንዳዘዙ ዛሬ ደግሞ ግለጪ ብለው ማዘዛቸው ያው ትእዛዝ ነው፤ አስቀድማችሁ አስተምሩን፥ ልብሳችንን ለእኛ ተዉት፥ የሚል ነበር አሳቧ። እውነቷን ነው። ቀደም ሲል ግብጽን ይገዛ የነበረው እንግሊዛዊው ሎርድ ክሮመር ስለ እስላም ሴቶች መሸፈን በብዙ እያዘነ፥ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ክፍያ ጨመረ፤ አገሩ ሲመለስም የእንግሊዝ ሴቶች በምርጫ ድምፅ እንዳይሰጡ የሚታገል የወንዶች ማኅበር መሪ ሆነ።

ነገሩ አላረጀም። በአፍጋኒስታን ከ2021 ጀምሮ ልጃገረዶች ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተከለከሉ። በእኛም አገር በአክሱም ከተማ፥ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ፥ ሒጃብ የለበሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና እንዳይመዘገቡ ተከልክለው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የትግራይ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ልጆቹን 159 ብሎ ቈጠራቸው። አንዱ በሃይማኖት ስም፥ ሌላው በትምህርት ቤት ደንብ ስም ነው። ከክፍል ውጭ የቆመችው ግን በሁለቱም አገር ያችው ልጅ ናት። ነፃ ላወጣት ብሎ ሻሿን የሚነጥቃት ሰው ደብተሯንም አብሮ እንደሚነጥቃት አያስተውልም።

መለክ በዚያ በ1909 ንግግሯ አሥር ነገር ስትጠይቅ ስለ ልብስ የተናገረችው በአንዱ ብቻ ነው። ከቀሩት መካከል፥ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለሴቶች ይሰጥ፤ ለአገሪቱ የሚበቁ ሴቶች ሕክምናና ማስተማር ይማሩ፤ ከዚያ ሌላ ከፍ ያለ ዕውቀት የምትሻም ሴት አትከልከል የሚሉ አሉበት። ይህች የመጨረሻይቱ አጭር ናት፤ ባልም ልጅም አገርም አልተጠራባትም፤ «የምትሻ» የሚለው ብቻ በቂ ሆኖ ቀርቧል። በቃሲም አሚን መጽሐፍ የፈለግሁት ይህን ነበር።

በ1911 በግብጽ ለተደረገ የሕዝብ ጉባኤም ጥያቄዎቿን ጽፋ ሰደደች፤ ጉባኤው አልተቀበላትም። በ1918 በእኛ አገር የኅዳር በሽታ በተባለው በዚያው ወረርሽኝ ሞተች፤ ዕድሜዋ 32 ዓመት አልሞላም ነበር።