ከከሰል ሐዲድ ወደ ብስክሌት ጎዳና

በምዕራብ እንግሊዝ፣ በግሎስተርሸር፣ በሰቨርንና በዋይ ወንዞች መካከል የተንጣለለው የዲን ደን ድሮ የነገሥታት ማደኛ ነበር። ዛሬ ከዛፎቹ መሐል ጭቃ የለበሰ ብስክሌት ከነነጂው ይወረወራል።

የዚህ ደን ትልቁ ጸጋ ለአዲሱ ቦታ ሲሰጥ አሮጌውን አለማጥፋቱ ነው። የቤተሰብ ዙር መንገድ በአብዛኛው የሚጓዘው በቀድሞ የባቡር መስመር ላይ ነው። ከሰል የጫነ ባቡር ዳገት ስለሚከብደው መሐንዲሶቹ ሐዲዱን ለዘብ ባለ ተዳፋት ዘረጉት፤ የልፋታቸውን ፍሬ አሁን የሚያጣጥሙት መንዳት የጀመሩ ሕፃናት ናቸው።

ጠበቅ ያለ ነገር የሚሻ ወደ ተራራ ብስክሌት መንገዶቹ ይሄዳል። በብሪታንያ የክብደት ደረጃቸው በቀለም ይለያል፤ አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ጥቁር ለተካነ ነው። በዲን ሰማያዊው፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ ከጥንት ጀምሮ ደኑን በሚጠብቁት ሹማምንት ስም "ቨርደረርስ" ተብሏል። ቀዩ "ፍሪማይነርስ" ደግሞ የነፃ ማዕድን ቆፋሪዎችን ስም ይዟል። በ1838 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በሴንት ብሪያቭልስ ግዛት ተወልዶ፣ 21 ዓመት ሞልቶት፣ ዓመት ከአንድ ቀን በማዕድን ጉድጓድ ለሠራ ወንድ በደኑ የመቆፈር መብት አጽንቶለታል። በ2010 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ሴትም ተመዝግባለች።

የመንገድ ሠሪዎቹም ሙያ ምስጋና ይገባዋል። በኩርባው ላይ የውጭውን ጠርዝ ከፍ አድርገው ስለሚደለድሉት ነጂው ፍጥነቱን ሳያጣ ይታጠፋል። መሬቱን ወደ ጎን ማዘንበላቸውም ዝናቡ ሳይቦረቡረው እንዲወርድ ነው፤ በእንግሊዝ ዝናብ ይህን ያልተጠነቀቀ መንገድ አንድ ክረምት አይሻገርም።