ዝም ያለውን ልጅ ተከተሉ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ልጁ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ወሬው ሁሉ ቁጥር ይሆናል። ያኛው ትምህርት ቤት ስምንት ነው፣ ይሄኛው አራት ነው ይባላል። ቁጥሩ የሚገኘው ቤት ሲፈለግ ከሚታዩ ድረ ገጾች ነው፤ ግሬትስኩልስ ለምሳሌ ትምህርት ቤቶችን ከ1 እስከ 10 ይመዝናል። የፌዴራሉ ሕግ ግን በየዓመቱ የንባብና የሂሳብ ፈተና የሚያዘው ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው። የኪንደርጋርተን ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ያ ቁጥር አያውቀውም። በዚያ ላይ የፈተና ውጤት የወላጅን ኑሮ ተከትሎ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ልጁ ከቤት ይዞት የመጣውንና መምህሯ የጨመረችለትን ለይቶ አይነግርም። ቁጥር ማየት ግድ ከሆነ ልጆቹ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደተሻሻሉ የሚያሳየውን እዩ። ከዚያ ተነሡና ሄዳችሁ በዓይናችሁ መርምሩ።

ሽሮ ሜዳ ሄዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትገዛ ሙያ ያወቀች ሴት ጥለቱን ከፊት አይታ አትረካም፤ ገልብጣ ክሩ በጀርባው እንዴት እንደተያዘ ታያለች። የትምህርት ቤት ጀርባው ሥራው የሚከብድበት ቦታ ነው፤ ትምህርቱ ያልገባው ልጅ፣ ያለቀሰ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ገና ያልያዘለት ልጅ ያለበት ቦታ። ጎበዙንማ ማን ማስተማር ያቅተዋል?

አስቀድሞ ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኪንደርጋርተን ለመግባት ሜሪላንድ ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 1፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃሉ። በዲሲ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ክፍል የሰፈር ትምህርት ቤት እንኳ ቢሆን ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው ሎተሪ ማመልከት ግድ ነው፤ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይሞላል። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ በዲሴምበር ተከፍቶ በማርች መጀመሪያ ይዘጋልና ጉብኝቱ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ያለ ሎተሪ ይቀበላችኋል። ማታ የሚደረገው ኦፕን ሀውስ ጥሩ መተዋወቂያ ነው፤ ክፍሎቹ ግን ባዶ ናቸው። ልጆች ባሉበት ሰዓት መጎብኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ልጅን ለመምህር አስረክቦ መመለስን እንደ አክብሮት ይዘን አድገናል፤ እዚህ ግን የሚጠይቅ ወላጅ ድፍረት እንደሠራ አይቆጠርም።

ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ግድግዳው ነው። ሃያ ተመሳሳይ የወረቀት ዱባ ተሰልፎ ካያችሁ ሥራው የመምህሯ ነው። ዱባዎቹ የተለያዩ ከሆኑ፣ አንዱ ጠማማ፣ ሌላው ወይን ጠጅ ከሆነ፣ ልጆቹ አስበውበታል። ልጆቹ ራሳቸው እንደሰሙት የጻፉት፣ ሆሄው የተሳሳተ ጽሑፍ ተለጥፎ ስታዩ አትደንግጡ፤ በሴፕቴምበር ከተጻፈው አጠገብ የጃንዋሪው ካለ ደግሞ እድገቱ በዓይን ይታያል። የተሰቀለውስ በማን ቁመት ነው? በልጅ ዓይን ልክ ከሆነ ለልጁ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለእንግዳ ነው።

ንባብን ለመመዘን ፊደል የቆጠረ ሰው ጥሩ ጆሮ አለው። ሀሁን በዜማ የሚያንበለብል ሁሉ ፊደል ለይቷል ማለት አይደለም፤ የኔታ ይህን ስለሚያውቁ ከመካከል አንዱን በስንጥር ነክተው “ይህስ?” ይላሉ። በእንግሊዝኛም ኤቢሲዲ መዘመር ገና መግቢያው ነው። ልጁ አንድ ቃል ላይ ሲቆም መምህሯ የምትለውን አድምጡ። “ሥዕሉን አይተህ ገምት” ካለችው ግምት እያስተማረችው ነው። የእያንዳንዱን ፊደል ድምፅ አስወጥታ፣ አገጣጥሞ ቃሉን ራሱ እንዲደርስበት ካደረገች ሙያዋን ይዛለች። በ2000 ናሽናል ሪዲንግ ፓነል የተባለው የአሜሪካ የጥናት ቡድን ብዙ ምርምሮችን አገናዝቦ ያቀረበው ሪፖርትም የፊደላትን ድምፅ በቅደም ተከተል ማስተማር ለጀማሪ አንባቢ እንደሚጠቅም አረጋግጧል።

አሁን መምህሯን ትታችሁ ዝም ያለውን ልጅ ፈልጉ። ከምንጣፉ ዳር የተቀመጠ፣ እጁን የማያወጣ አንድ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋም። መምህሯ ትጠራዋለች? ከጠራችው በኋላስ ስንት ሰከንድ ትታገሠዋለች? ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ከጠየቁ በኋላ ባብዛኛው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝምና ብዙ ልጆች መመለስ እንደሚጀምሩ አሳይታለች። በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። እስከዚያ ድረስ መታገሥ የቻለች መምህር ከጎበዙ አፍ ቶሎ መልስ ከምትነጥቀው ትበልጣለች።

ቀጥሎ የሚታየው መሸጋገሪያው ነው፤ ከምንጣፍ ወደ ጠረጴዛ፣ ከክፍል ወደ ምሳ። ጎበዝ መምህር ባለችበት ክፍል ልጆቹ ምን እንደሚያነሡና የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፤ ጩኸት ሳይሰማ ሥራው ይቀጥላል። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ፍጹም ጸጥታ የሥነ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የፍርሃትም ምልክት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው አንዱ ልጅ ሲያጠፋ ነው። መምህሯ ጎንበስ ብላ በዝግታ ታናግረዋለች ወይስ በሁሉ ፊት ስሙን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች? ሪሰስ የሚባለውን የጨዋታ ሰዓት መከልከልን እንደ ቅጣት ይጠቀሙበት እንደሆነም ጠይቁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 ባወጣው መግለጫ የጨዋታ ሰዓት ለቅጣት ሲባል መነጠቅ የለበትም ብሏል።

የኛ ልጆች ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በቢሮው መስኮት ነው። ስትመዘገቡ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ እንደሚነገር የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል። አንዳንድ ወላጅ ልጁ “ወደ ኋላ እንዳይቀር” ብሎ እንግሊዝኛ ብቻ ይላል። እውነቱን ጻፉ፤ አማርኛ ብላችሁ ከጻፋችሁ ልጁ የቋንቋ ምዘና ይደረግለታል፣ እርዳታ ካስፈለገውም ያገኛል፤ እርዳታውን ያለመቀበል መብትም አላችሁ። አስተርጓሚ በነጻ ማግኘት የፌዴራል መብት ነው። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ቋንቋችሁን እንዲያስተናግዱ ያዛል። እንግዲህ ጸሐፊዋ አስተርጓሚ ስትጠየቅ ስልኩን ታነሣለች ወይስ ከሰልፉ ሌላ ሐበሻ ፈልጋ “አንቺ አስረጂልኝ” ትላለች? ስልኩን የምታነሣዋ ሥራዋን ታውቃለች።

ርዕሰ መምህሯን ወይም ርዕሰ መምህሩን ስታገኙ ስለ ሽልማት አትጠይቁ። “እንግሊዝኛ ሳያውቅ የመጣ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት ያሳልፋል?” በሉ። ሙያ ያለው ሰው የሚመልሰው በዝርዝር ነው፤ የቋንቋ መምህሯ ክፍሉ ድረስ እንደምትገባ ወይም ልጁን ለብቻ እንደምትወስደው፣ ለወራት ዝም ማለት የተለመደ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ መቀጠል እንዳለበት ይነግራችኋል። “ልጆች ቶሎ ይለምዱታል” ብሎ የሚያሳልፋችሁ ግን ጉዳዩን አላሰበበትም። ቤት እንግሊዝኛ ብቻ አውሩለት የሚላችሁን ደግሞ አትስሙት።

ሁለት ትምህርት ቤት አይታችሁ ልባችሁ ከተከፈለ፣ ዝም ያለው ልጅ የተሻለ የተያዘበትን ምረጡ። የናንተ ልጅ ጎበዝና ደፋር ቢሆንም እንኳ ታናሽ ሲወለድበት፣ ታሞ ቆይቶ ሲመለስ ወይም የሂሳብ መቀነስ ሲከብደው አንድ ሰሞን ዝም ማለቱ አይቀርም፤ የመረጣችሁለት ትምህርት ቤት የሚፈተነውም ያን ጊዜ ነው።