የሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርስና የቤተ መዘክር አሠራር
ስለ ሕንጻና ስለ መልክዐ ምድር የቀረበ ሒስ

በአገራችን ቤተ መዘክር ይሠራ ሲባል አስቀድሞ የሚጠየቀው ገንዘቡ ከየት ይገኛል የሚለው ነው፤ ቀጥሎም ስንት ክፍል ይኑረው ይባላል። ሕንጻው የሚቆምበት ምድር ምን ይጠይቃል የሚለው ነገር ግን ዘወትር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቢነሣም ከመስኮት ስለሚታየው ውበት ብቻ ይነሣል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር መልክዐ ምድር ለሕንጻ ጌጥ ሳይሆን ራሱ የቅርሱ ክፍል ነው የሚል ነው። ለዚህም በደቡብ ወሎ ከሐይቅና ከአምባሰል የበለጠ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን ካደራጁ በኋላ ስፍራው የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት በሚለው ማዕርግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው፤ ይህንንም ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.አ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት በዝርዝር አስረድተዋል። ከገዳሙ ሀብት በላቀ ደረጃ የሚጠቀሰው አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 1280/81) ያበረከቱት ወንጌል ነው። ዘመናቸው በውስጣቸው ከተጻፈባቸው የግእዝ መጻሕፍት እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ የአበምኔቱ የራሳቸው ሥዕል አለበት።

ይህ ሁሉ ሲጠበቅ የኖረው በውሃ ተከብቦ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት አለው፤ ከላይኛው ከሐርዲቦ ሐይቅ ውሃ ይወርድለታል፤ ከእርሱ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ የዝናቡ ብዛትና የድርቁ ጽናት በዳርቻው ላይ ይነበባል። ውሃው እየሸሸ በመሄዱም ቀድሞ ደሴት የነበረው ስፍራ ዛሬ ከየብስ ጋራ ተያይዞ ባሕረ ገብ ምድር ሆኗል።

ውሃው ለገዳሙ እንደ ሕግ ነበር። ዓለማዊውን ከመናኙ ይለያል፤ መጽሐፉንም ከቀማኛ ያርቃል። ሕግ ግን ሊደፈር ይችላል። ፉቱሕ አል ሐበሻ እንደሚተርከው፣ እ.አ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር የሚንሳፈፍ እንጨት አገናኝቶ ወደ ደሴቲቱ ሊሻገር ሲሰናዳ፣ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን ከመቃጠል አድነዋል። ወንጌሉ ከዚያም ዘመን ተርፎ ለእኛ መድረሱ የውሃውና የጠባቂዎቹ የጋራ ሥራ መሆኑን ያሳያል። ዛሬ ውሃው ቢሸሽም ሕጉ ጸንቷል፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም።

እንግዲህ ቤተ መዘክር የሚሠራ ሰው የሚጋፈጠው ጥያቄ ይህ ነው። ቅርሱን በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ቢያሳይ የአገሪቱን ሕዝብ እኩሌታ ከማየት ይከለክላል። ወደ ከተማ ቢያወጣው ደግሞ መጽሐፉን ከጸሎቱና ከጠባቂዎቹ ይነጥለዋል። መነኮሳቱ መጻሕፍት ከገዳም እንዳይወጡ ቢሠጉ አጉል ግትርነት ነው ሊባል አይገባም። ከዚሁ ከወሎ ምድር፣ ከመቅደላ፣ በ1860 ዓ.ም. የተወሰዱት 350 ያህል መጻሕፍት እስከ ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። የደሴ ቤተ መዘክርም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል። በከተማ መካከል ያለ ቤት ከደሴት ይልቅ አስተማማኝ ነው የሚለው አስተያየት እንግዲህ ማስረጃ ይጐድለዋል።

በየገዳማቱ የተለመዱት ሁለት የአሠራር ዓይነቶች ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጡም። አንደኛው በብሎኬትና በቆርቆሮ የሚሠራው ዕቃ ቤት ነው። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ብራናም እርጥበትን የሚስብና የሚተፋ ቆዳ ስለ ሆነ በዚህ መለዋወጥ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይፈረፈራል። ሁለተኛው ባህላዊ ለመምሰል ሲባል በሲሚንቶ የሚቆመው ክብ ጎጆ ነው። የወሎ ገበሬ የድንጋይ ቤቱን የሚሠራው ለብርዱና ለነፋሱ መልስ እንዲሆነው ነው፤ ቅርጹን ወስዶ ምክንያቱን መተው ግን አገሩን መምሰል እንጂ አገሩን መስማት አይደለም። ቅን አሳብም ቢሆን ብቻውን እንደማይበቃ የላሊበላ መጠለያዎች አሳይተውናል። እ.አ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆሙት ዝናብን ለመከላከል ነበር፤ ነገር ግን ከባድ ምሰሶዎቻቸውና ሰፊ ጣራቸው ለዐለቱም ለምእመናኑም ሥጋት ሆነዋል።

በውጭ አገር ከተሠሩት ሁለቱን መጥቀስ ይጠቅማል። እ.አ.አ. በ1958 በዴንማርክ ባሕር ዳር የተከፈተው የሉዊዚያና ቤተ መዘክር ዝቅ ብሎ በዛፎች መካከል ይዘረጋል፤ ጐብኚው ከሥዕል ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ሥዕል ይመላለሳል። ታዳኦ አንዶ በጃፓን በናኦሺማ ደሴት እ.አ.አ. በ2004 የሠራው ቺቹ ግን የኰረብታውን መልክ ላለማፍረስ ከምድር በታች ተቀብሯል። ሁለቱም የሚያስተምሩን ቅርጽን ሳይሆን ትሕትናን ነው። ለእኛ ግን አንድ ነገር ይጐድላቸዋል፤ በእነርሱ ዘንድ ምድሩ የሚታይ እንጂ የሚታዘዙት ሕግ ያለው አይደለም።

ስለዚህ በሐይቅ የሚበጀው አንድ ቤት ሳይሆን ሁለት ቤት ነው። ወንጌሉና ሌሎቹ ጥንታውያን መጻሕፍት በገዳሙ፣ በመነኮሳቱ እጅ ይቆዩ፤ ማደሪያቸው ግን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ከሙቀት የሚጋርድ ድርብ ጣራ ይኑረው፤ ለሥዕሎቹም ከ50 ሉክስ የማይበልጥ ብርሃን ይበቃል። ሁለተኛው ቤት ከገዳሙ ክልል ውጭ፣ ሴቶችም ወንዶችም በሚደርሱበት ዳርቻ ይቁም። በእርሱም የመጻሕፍቱ ትክክለኛ ግልባጭ ግልባጭነቱ ሳይሸሸግ ይታይ፤ የሐይቁና የዓሣ አጥማጁ፣ የክርስቲያኑና የእስላሙ ጐረቤት ታሪክም አብሮ ይነገር። ውሃው በለቀቀው መሬት ላይ ግን አይሠራ፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ የለቀቀውን መልሶ ሊይዝ ይችላልና። ግልባጭ የዋናውን ያህል ልብ አይነካም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በመስኮቱ ማዶ ገዳሙን እያየ የሚያነብ ሰው ዋናው የት እንዳለና ለምን እንዳልመጣ ይረዳል፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው።

ይህ መልስ ግን ለአምባሰል ሁሉ አይሆንም። የግሸን ማርያም ሕግ ውሃ ሳይሆን አቀበት ነው። መስከረም 21 ቀን ወደ መስቀለኛው አምባ የሚወጣው ምእመን ድካሙን እንደ ስእለት ይቈጥረዋል፤ ስለዚህ ከአምባው ራስ ላይ ጐልቶ የሚታይ ሕንጻ መንፈሳዊውን ጉዞ ያበላሻል። በውጫሌ ደግሞ የሚታየው ዕቃ ሳይሆን ቃል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል ስለ ተለያየ ወደ ዐድዋ አድርሷል። በዚያ ስፍራ ሁለቱን ጽሑፎች ጐን ለጐን የሚያስነብብ ጥላና ፊት ለፊቱ የተዘረጋው ሜዳ ከብዙ አዳራሽ ይበልጣል።

በአንድ ወረዳ ዙሪያ ሦስት ስፍራዎች ሦስት ልዩ ልዩ ቤት ይጠይቃሉ። ለሁሉም አንድ ፕላን ይዞ የሚመጣ መሐንዲስ ሥራውን ገና አልጀመረም። የባህል ቢሮዎችም ሆኑ ለጋሾች ፕላን ከማስነደፋቸው አስቀድሞ የአገሩን ሽማግሌዎችና መነኮሳት፣ የውሃና የአፈር ዐዋቂዎችን አንድ ዓመት ሙሉ፣ ክረምቱንም በጋውንም ጨምሮ፣ ሊያዳምጡ ይገባል። ቤተ መዘክር የመታሰቢያ ቤት ማለት ነውና፣ የቆመበትን ምድር የዘነጋ ቤት ስሙን አይገባውም።