ያልታየው በግ፦ የሜንግዚን የምክር ምልልሶች ስለ ማንበብ

ጥንታዊው የቻይና ጥበብ ለመሪዎች ምን ያስተምራል የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ በመልስነት የሚቀርበው የጥቅስ ዝርዝር ነው። ከኮንፊሽየስ አንድ፣ ከላኦ ዙ ሁለት እየተለቀመ በሥልጠና ደብተሮችና በንግግር መክፈቻዎች ላይ ይሰፍራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ አነባበብ ቢያንስ ለአንድ መጽሐፍ፣ ለሜንግዚ፣ እንደማይስማማ ለማሳየት እሞክራለሁ። ምክንያቴ ከፍልስፍና ይልቅ ከሥነ ጽሑፍ የሚነሣ ነው። ሜንግዚ በአብዛኛው የምልልስ መጽሐፍ ነው፤ በምልልስ ውስጥ ደግሞ የአንድ ቃል ክብደት የሚታወቀው ማን ለማን እንደተናገረውና ሰሚው ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ሲታይ ነው።

ምዕራባውያን ሜንሺየስ የሚሉት ሜንግዚ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ቻይና በተፋላሚ መንግሥታት በተከፋፈለችበት ዘመን ነው። እያንዳንዱ ንጉሥ ጎረቤቱን የሚያሸንፍበትን ዘዴ የሚነግረው አማካሪ ይፈልግ ነበር፤ ሜንግዚ ግን ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው እየዞረ ያልተጠየቀውን ይናገር ነበር። መጽሐፉን የማነበው በጄምስ ሌግ (1861) እና በዲ. ሲ. ላው (1970) የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ስለሆነ፣ ስለ ቻይንኛው የቃላት ምርጫ የምለው የለኝም። የማተኩረው በትርጉም በማይጠፋው በትዕይንቱ አወቃቀር ላይ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል የቺ ንጉሥ ሽዋን ስለ ቀድሞ ኃያላን መሳፍንት ገድል ይጠይቃል። ሜንግዚ ያንን ወደ ጎን ይተውና ከአንድ ባለሟል የሰማው ወሬ እውነት መሆን አለመሆኑን መልሶ ይጠይቀዋል። ወሬው እንዲህ ነው። ንጉሡ በአዳራሹ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው በሬ እየሳበ በታች በኩል ያልፋል። ወዴት እንደሚወስደው ሲጠየቅ፣ አዲስ የተሠራ ደወል በደሙ ሊቀደስ መሆኑን ይናገራል። ንጉሡ የበሬውን መንቀጥቀጥ አይቶ አንጀቱ አልችል ስላለው እንዲለቀቅ ያዛል። ታዲያ ሥርዓቱ ይቅር ወይ ሲባል፣ ሥርዓቱማ እንደማይቀር፣ ነገር ግን በሬው በበግ እንዲተካ ይወስናል።

በሬ ከበግ ይወደዳልና ሕዝቡ ንጉሡን በስስት አማው። ሜንግዚ ስስት እንዳልሆነ እንደሚያውቅ ይነግረውና ወዲያው የዋህ የሚመስል ጥያቄ ያስከትላል፦ ያሳዘነው የንጹሕ ፍጡር መሞት ከሆነ በጉስ ምን በድሎ ነው? ንጉሡ ይስቃል። ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ ራሱም እንደማያውቅ፣ ሕዝቡም ቢያማው እንደማይፈርድበት ይናገራል። በእኔ አመለካከት ይህች ሳቅ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት እጅግ ሰዋዊ ቅጽበቶች አንዷ ናት። የአንድ መንግሥት የበላይ የገዛ ልቡን እንደማያውቅ በሰው ፊት ያምናል። ሜንግዚ ሲፈታለትም ነገሩ ቀላል ይሆናል፤ ንጉሡ በሬውን አይቷል፣ በጉን አላየም። ንጉሡ በዚህ ደስ ብሎት ከጥንታዊ መዝሙራት አንድ ግጥም ጠቅሶ ያመሰግነዋል።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ በዚህ ቦታ ጥበብን በጥቅስነት የሚያጣጥመው ንጉሡ መሆኑን ነው። (ሜንግዚም ትንሽ ቆይቶ ግጥም ይጠቅሳል፤ የእሱ ጥቅስ ግን ንጉሡን ወደ ሥራ የሚገፋ ነው።) በጉን አላየኸውም መባሉ ለንጉሡ ሙገሳ መስሎታል። ሙገሳው ግን በውስጡ ክስ አዝሏል፤ ከአዳራሹ የማይታየው ሕዝብ ሁሉ በግ ነውና። ሜንግዚም ክሱን ይገልጠዋል። ላባ ማንሣት አቃተኝ ስለሚል ጉልበተኛ፣ በጋሪ የተጫነ እንጨት አልታየኝም ስለሚል ዓይነ ጥሩ ሰው ያወራዋል። ርኅራኄው ለእንስሳ ደርሶ ለሕዝቡ ያልደረሰው ንጉሡ ስላልቻለ ሳይሆን ስላልፈለገ ነው ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ንግግሩ ከልብ ወደ መሬት ይወርዳል። አምስት ሙ በሚሆን የቤት ቦታ ላይ እንጆሪ ቢተከል የሃምሳ ዓመት ሰዎች ሐር ይለብሳሉ፤ የእርባታው ጊዜ ቢጠበቅ የሰባ ዓመት ሽማግሌዎች ሥጋ ይበላሉ፤ የመቶ ሙ እርሻ የሥራ ወቅቱ ካልተነጠቀበት ስምንት ነፍስ ያለው ቤተሰብ አይራብም። ሰውን መተዳደሪያ ነስቶ፣ በችግሩ ወንጀል ሲሠራ ጠብቆ መቅጣት በሜንግዚ ዓይን ሕዝብን በመረብ ማጥመድ ነው። ርኅራኄን የሚያወድሱ ጥቅሰኞች ይህን የሙና የእንጆሪ ሒሳብ አብረው ሲጠቅሱ እምብዛም አላጋጠመኝም።

በሌላ ምልልስ ንጉሡ የሜንግዚን ንግግር ሰምቶ ያደንቃል። መልካም ከሆነ ለምን አይፈጽመውም ሲባል፣ ድካም እንዳለበት፣ ሀብትና ሴት እንደሚወድ ይናዘዛል። ከዚያ በሚቀጥለው ደግሞ ሜንግዚ ሦስት ጥያቄ ይደረድራል። አደራ የበላ ወዳጅ ምን ይደረግ? ይተው፤ የበታቾቹን ማስተዳደር ያልቻለ ሹምስ? ይሻር። አገሩ በወጉ ካልተዳደረስ? ንጉሡ ግራና ቀኙን ተመልክቶ ወሬ ይለውጣል። ምንባቡ እዚህ ላይ ያበቃል። ደራሲው ፍርድ አልጨመረም፤ የአንገት መዞር ብቻውን ይበቃል። ታዲያ ይህን ትዕይንት እንዴት አድርጎ በጥቅስ ማውጣት ይቻላል?

ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በተተረጎመው በአንጋረ ፈላስፋ ልማድ ሊያነቡት ቢሞክሩ አይፈረድባቸውም። በዚያ መጽሐፍ የጠቢቡ ቃል ከነክብሩ ይቀመጣል፤ ሰሚው ብዙ አይታይም። በሜንግዚ ግን ሰሚው ይስቃል፣ ይናዘዛል፣ ዓይኑን ያሸሻል።

ይህን በሚገባ የተረዳ አንድ አንባቢ ነበር፤ እሱም ጠላቱ ነው። የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሠ ነገሥት ኾንግዉ በ1394 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሕዝብን ከንጉሥ የሚያስበልጠውን ምንባብ ጨምሮ 85 ምንባቦች የተቆረጡለት እትም እንዲዘጋጅ አደረገ። መጽሐፉን እንደ ጌጥ ቢያየው ኖሮ መቀስ ባላስፈለገው ነበር።

ይህ ሲባል ግን ሜንግዚ እንከን የለሽ አማካሪ ነበር ማለት አይደለም። የቺ ሹም ሸን ቶንግ፣ ያን የተባለችውን አገር መውጋት ይገባል ወይ ብሎ በግል ሲጠይቀው፣ ይገባል ብሎ መለሰ። ቺ ያንን ወጋች፤ ገደለች፣ ማረከች፣ የአያቶችን ቤተ መቅደስ አፈረሰች። ጦርነቱን መክረሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ማን ይውጋት ተብሎ እንዳልተጠየቀ፣ ቢጠየቅ ኖሮ የሰማይ ሹም የሆነ ብቻ ብሎ ይመልስ እንደነበር ተናገረ። መልሱ ብልጠት አለው፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። ጠያቂው የማን ሹም እንደሆነ አሳምሮ ያውቅ ነበርና። የሚገርመው በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ወዲያው የሚቀጥለው ምንባብ ነው። ያኖች ሲያምፁ ንጉሡ በሜንግዚ ፊት ማፈሩን ይናገራል፤ አንድ ባለሟል ማመኻኛ ይፈልግለታል፤ ሜንግዚም የዘመኑ ሹማምንት ጥፋታቸውን ከማረም ይልቅ ሰበብ እንደሚደረድሩ ይወቅሳል። ሁለቱን ምንባቦች ጎን ለጎን ያኖረው እጅ ይህን አስቦ ይሁን አይሁን፣ ወቀሳው መምህሩንም ሳይነካ አላለፈም።

በመጨረሻም ሜንግዚ ሹመቱን ትቶ ከቺ ወጣ። በአንዲት ከተማ ሦስት ሌሊት አደረ። ሰዎች መዘግየቱን ሲነቅፉት፣ ለእሱ ሦስት ሌሊት እንኳ እንደፈጠነበት፣ ንጉሡ ሐሳቡን ለውጦ ያስጠራኛል ብሎ ይጠባበቅ እንደነበር ገለጸ። ንጉሡ ሰው አልላከበትም።