ከቀልሃ የተሠራ ጌጥ ሲገዛ

አዲስ አበባ ውስጥ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ለሚኖር ሰው ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ፣ ለተጓዥ ዘመድ ስጦታ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሻጩ ሐብሉን አንስቶ «ከጥይት ቀልሃ ቀልጦ የተሠራ ነው» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ገዢው ልቡ ይነካል፣ መመርመሩን ይተዋል። ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። እንጦጦ ላይ ገበሬዎች ከቀድሞ የጦር ሜዳዎች የለቀሙትን ቀልሃ እያቀለጡ ዶቃ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ናስ ከጥይት ወደ ገበያ መውጣቱም አዲስ አይደለም፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት ከአሞሌና ከማርትሬዛ ጎን እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ታሪኩ ግን የእጅ ሥራውን አያሳምረውም።

መጀመሪያ ጥሬ ዕቃው። ቀልሃ ሁሉ ናስ አይደለም። የክላሽ ቀልሃ ብዙው ብረት ነው፤ ላዩን ቀለም ወይም ስስ መዳብ ለብሶ ያታልላል። ማግኔት ከኪሱ የማይጠፋ አንጥረኛ በዚህ አይሸወድም፤ ገዢም ቢይዝ አይጎዳም። እውነተኛው የቀልሃ ናስ በግምት 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ ሳይሰነጠቅ ተስቦ ቱቦ እንዲሆን የተመረጠ ቅይጥ።

ናስ ሆኖም ቢሆን ከውጭ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ቀልሃዎች ውስጣቸው ይለያያል። ውጭ አገር ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉ ተኳሾች ይህን የሚለዩት በውሃ ነው። የተተኮሰውን ቀልሃ ካፕሱሉ (ሥሩ ላይ ያለው ማቀጣጠያ) ሳይወጣ ባዶውን ይመዝናሉ፣ እስከ አፉ ውሃ ሞልተው ደግመው ይመዝናሉ፤ ልዩነቱ የሆዱ ስፋት ነው። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ትንሽ ውሃ ይይዛል፣ በዚያው የባሩድ መጠንም ግፊቱ ይበረታል። የ7.62 በ51 የወታደር ቀልሃ ብዙ ጊዜ ከአደኑ .308 ወፈር ይላል። ለአቅላጭ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ትንሽ ውሃ የያዘው ብዙ ናስ ይሰጠዋል። ቀልሃ በቁጥር የሚገዛ አቅላጭ ካጋጠማችሁ ሙያው ገና ነው።

ጥሩና መጥፎ ሥራ የሚለየው እሳቱ ላይ ነው። ይህ ናስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ዚንክ ደግሞ 907 ላይ ይፈላል። ስለዚህ አቅላጩ እሳቱን ከልክ በላይ ካጋለው ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይበናል፣ የቀረው ናስ ወደ መዳብ ቅላት ያደላል። በችኮላ የፈሰሰ ናስ ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ዓይን ለእንጀራ ጌጥ ነው፤ ለናስ በሽታ ነው። ዶቃውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ በተለይ ቀዳዳው አፍ ላይ እዩት።

አንድ ጥያቄም አትርሱ፦ «ካፕሱሉን ምን ታደርጉታላችሁ?» ካፕሱል ውስጥ ብዙ ጊዜ የእርሳስ ውህድ አለ፤ ያልተተኮሰ ከሆነማ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አንድ በአንድ ለይተን እናወጣለን ብሎ ሳያመነታ ይመልሳል። ግራ የተጋባ ሻጭ ወይ ከሠሪው አልተገናኘም፣ ወይ ቀልሃው ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ዶቃው ሁሉ ፍጹም እኩል ከሆነ የማሽን ሥራ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ በእጅ የተሠራው በጥቂቱ ይበላለጣል። ይህ ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ የቀዳዳው ጠርዝ አለመሞረዱ ነው፤ ክሩን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። መስቀል ከሆነ ጀርባውን ገልብጡ። ፊቱን ማንም ያሳምራል፤ የሞረድ ጭረት፣ የፈሰሰ ጠብታ፣ ያልጠራ የሐረግ ማዕዘን የሚቀረው ከኋላ ነው። አንገት ላይ አረንጓዴ ማውጣቱ አያስደንግጣችሁ፤ መዳብና ላብ ሲገናኙ የሚሆን ነው፣ ጌጡም በሎሚና በጨው ይጠራል። ቀልሃው ሳይቀልጥ ቅርጹን እንደያዘ የተንጠለጠለበትን ጌጥ ግን ለተሳፋሪ አልመክርም፤ ፍተሻ ላይ ሊያስቆም ይችላል።

የጆሮ ጌጥ ከሆነ መንጠቆውን ለብቻው መርምሩ። ናሱ ያማረ ሆኖ መንጠቆው ኒኬል ያለበት ርካሽ ሽቦ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጆሮ ያሳክካል፣ ያቆስላል። በብር መንጠቆ ይቀይሩላችሁ፤ ጭማሪው ብዙ አይደለም።